ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ዲኤክሷ መኪናዬ ዛሬ አልነሳ አለች። ቁልፍ ስሰጣት ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ እንደወትሮው ያዞራል። ድምፁም ጤነኛ ነው። ሞተሩ ግን አይቀበልም። አንዴ እንኳ ሳል አላለችም። ስድስት ሰባት ጊዜ ሞከርኩና ቁልፉን አወጣሁ። ከዚህ በላይ መደጋገም ባትሪ መጨረስ ነው።

መኪናዋ ኮሮላ ኬኢ 70 ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 1290 ሲሲ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር አላት፣ እሳቷ በፑንቲና ነው፤ ፑንቲና የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ትንሽ መገናኛ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለባትም። እኔ የምሠራው የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ሽቦው፣ መሰላሉ፣ ድሪሉ፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚጓዘው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ለመግዛት ደግሞ አቅሜ ገና ነው። ስለዚህ ይህቺ መኪና እንጀራዬ ናት።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ይጠነክራል። ዛሬ ጠዋት የፊት መስታወቷ ላይ ውርጭ ነበር።

ምንም ከመነካካቴ በፊት ትናንት ማታ የሆነውን ልጻፍ፣ ነገ ይረሳኛል። ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስወጣ ከተማው በጭስ ታፍኖ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን። ዳገቱን ነዳጅ ረግጬ ወጣሁት። ምንም አላለችም። አናቱን አልፌ ወደ ሜዳው ስደርስ፣ እግሬን ቀለል ሳደርግ፣ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ጀመረች። ስረግጣት ትስተካከላለች፣ ሳቀልላት ትቆራርጣለች። እንዲያም ሆኖ ቤት አደረሰችኝ። አጠፋኋት። ይኸው ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት

ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ቤንዚን ከአየር ጋር፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት)፣ እና በሰዓቱ የሚደርስ እሳት። አንዱ ከጎደለ አይነሳም። እኔም በዚሁ ተራ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ባትሪ። ሳይነካ 12.5 ቮልት። ሞተሪኖው ሲያዞር 10.3። ደህና ነው። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ሞተሪኖው የሚያዞርበት ፍጥነት ራሱ ይናገር ነበር።

ቀጥሎ ቤንዚን። የዚህች ካርቡራተር ደግነቷ ጎኗ ላይ ትንሽ መስታወት አላት። በዚያ በኩል ቤንዚኑ የደረሰበት ከፍታ ይታያል። መሐል ላይ ነው፣ መሆን ያለበትም እዚያው ነው። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስቼ የነዳጅ መስጫውን በእጄ ሳብ አደረግኩት። ጉሮሮው ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ክር ፊጭ አለ። እንግዲህ ፓምፑም ይሠራል፣ መስመሩም ክፍት ነው።

ኮፋኖ ሲከፈት ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። ጎረቤቶቼ መጡ። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ። ሊሆን ይችላል፤ ሳልባትዮው፣ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ ሩብ ያህል ብቻ ነው ያለው፣ በብርድ ሌሊት ባዶው ቦታ ጠል ይሠራል። መገመት ሳያስፈልግ ማየት ይቻላል። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ጎሚኒ (የጎማ ቱቦ) ነቅዬ ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኩ። እሳት እንዳይኖር የቦቢናውን፣ ማለትም ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን፣ ሽቦ አስቀድሜ ነቀልኩ። ልጄ ቁልፍ ሰጠች፣ ፓምፑ ወደ ሃይላንዱ ረጨ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀመጥኩት። ውሃ ቢኖር ከታች ተለይቶ ይተኛ ነበር። ከታች የተኛው ትንሽ ዝገት ብቻ ነው። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው።

በየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አወጣሁ። አራቱም ረጥበዋል፣ ጠቁረዋል፣ ሲሸቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላሉ። ታንቃለች። ይህ ግን በሽታው አይደለም፣ ምልክቱ ነው። ቤንዚኑ ገብቷል፣ የሚያቃጥለው አጥቷል ማለት ነው። እዚህ አገር መታነቁ ይፈጥናል። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ግን የሚጨምረውን ቤንዚን በአየሩ ስስነት ልክ አይቀንስም። በዚያ ላይ ብርድ ነው፣ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ስቤ ነበር።

ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሲደርቁ መለስኳቸውና እግሬን እስከ ወለሉ ረግጬ አዞርኩ። እንዲህ ሲረገጥ አየር ይበዛል፣ የታነቀ ሞተር ይተነፍሳል። አልሆነም።

ማታ 12 ሰዓት

እሳቱን ለማየት እስኪመሽ ጠበቅኩ። በቀን ብርሃን ደካማ እሳት አይታይም፣ ኖሮም የለም ያስብላል።

ቤንዚን የነካውን ጨርቅና ሃይላንዱን ግቢው ጥግ ወሰድኩ። የካንዴላ ገመድ በእጅ አይያዝም፤ በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ካንዴላውን ገመዱ ላይ ሰክቼ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነካሁ። ልጄ ቁልፍ ሰጠች።

ብጫ ነው። ቀጭን፣ ክር የመሰለ። አንዴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይቀራል። ጤነኛ እሳት ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ድምፁ ይሰማል። ይሄ ድምፅ የለውም።

«አባዬ፣ ሁሉም ላይ እንደዚህ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። አራቱንም አየን። አራቱም አንድ ናቸው። አንዱ ላይ ብቻ ቢሆን ገመዱን ወይም ካንዴላውን እጠረጥር ነበር። አራቱም ከደከሙ ግን ችግሩ ለአራቱ ከመከፋፈሉ በፊት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ክፍት አየር ላይ የሚዘል እሳት ሲሊንደር ውስጥ ላይዘል ይችላል። አየሩ በታመቀ ቁጥር እሳቱ ለመዝለል ብዙ ቮልት ይፈልጋል። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የውጭው አየር ስስ ስለሆነ ፈተናው ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ «እሳትማ አላት» ብሎ ማለፍ አይገባም። ውጭ እንዲህ የደከመ እሳት ውስጥ ገብቶ የለም ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ቆመው አዩና፣ «ልጄ፣ ትንፋሿን ለካህ?» አሉኝ።

ኮምፕሬሽኗን ማለታቸው ነው። አልለካሁም ነበር። ክረምት ላይ አንድ ጋራዥ ለክተውልኝ፣ ንባቡ ዝቅተኛ ነው፣ ሞተሩ ተበልቷል፣ ተፈትቶ የፒስተን ፋሻ ይቀየር ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ልቤ አልተቀበለውም፤ ዘይት አትበላም፣ ሰማያዊ ጭስም የላትም። ገንዘቡም አልነበረኝም፣ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ጋሼ የራሳቸውን መለኪያ ከቤት አመጡ። አራቱንም ካንዴላ አወጣን፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቀልን፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፈትን። በየሲሊንደሩ አምስት አምስት ጊዜ አዞርን። ልጄ ደብተር ላይ ጻፈች። 126፣ 122፣ 128፣ 124፣ በፒኤስአይ።

«ቆንጆ ነው» አሉ ጋሼ።

እኔ ቁጥሩ አነሰብኝ። እሳቸው ቁጭ ብለው አስረዱኝ። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ የሚለካ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው የሚስበውን አየር ነው፤ እዚህ የሚስበው አየር ራሱ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው። እዚያ 160 የሚያነብ ሞተር እዚህ 125 አካባቢ ያነባል። ዋናው አራቱ መቀራረባቸው ነው። ከሁሉ በታች ያለው ከሁሉ በላይ ካለው የሚለየው በስድስት ብቻ ነው። ይህ የተበላ ሞተር ንባብ አይደለም።

ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ሞተር አስፈትቶ ይሆን? ከፍታውን ሳያሰላ የተነገረ አንድ ቁጥር የሰው ቁጠባ ያስወጣል። ስለዚህ ደግሜ ልጻፈው፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ኮምፕሬሽን ስታስለኩ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.8 አካባቢ አባዙት።

ጋሼ ሲሄዱ ቦቢናውን እንዳይ ነገሩኝ። ለካሁት። በሁለቱ ቀጫጭን ተርሚናሎች መሐል 1.5 ኦም፣ ወደ ላይኛው ቀዳዳ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ። ጤነኛ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ለገጣፎ ወደ ያዝኩት ሥራ በታክሲ ሄድኩ። መሰላሉን አልወሰድኩም፣ ከቤቱ ባለቤት ተዋስኩ። የነቢያት ጾም ዛሬ ገባ። ማታ ሽሮዬን በልቼ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ ወጣሁ።

አሁን ሥራው ወደ እኔ ሙያ መጥቷል። የእሳቱ መንገድ እንዲህ ነው። ከባትሪ ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ነጩ የሸክላ ሬዚስተር፣ ከዚያ ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ። በቦቢናው ውስጥ አልፎ በኔጌቲቩ ይወጣል። በቀጭን ሽቦ ወደ ዲስትሪቢዩተር ይገባል፣ ፑንቲናው ላይ ይደርሳል። ፑንቲናው ሲገጥም ወደ አካል ይፈሳል፣ ቦቢናው ይሞላል። ፑንቲናው ሲከፈት ፍሰቱ ድንገት ይቋረጣል፣ በዚያች ቅጽበት ቦቢናው ከፍተኛውን ቮልት ይወልዳል። ዲስትሪቢዩተሩ በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ያድለዋል።

በመፍቻ ፑሌጃውን (ከሞተሩ ፊት ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) ይዤ ፑንቲናው እስኪገጥም ሞተሩን አዞርኩ። ቁልፍ ከፈትኩ። ቴስተሩን በቦቢናው ኔጌቲቭና በባትሪው ኔጌቲቭ መሐል አደረግኩ። ፑንቲናው ገጥሞ ከሆነ እዚህ ዜሮ ነው መነበብ ያለበት። 0.2 ቢል ይታለፋል።

4.8 አለ።

እንደገና አስነካሁት። 4.6፣ 5.0፣ 4.8። አይረጋም።

ሒሳቡን ሠራሁ። ቦቢናው 1.5 ኦም፣ የሸክላው ሬዚስተር 1.5፣ አንድ ላይ 3። በ12.4 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ሊፈስ ይገባል። 4.8 ቮልት መንገድ ላይ ሲጠፋ ግን የሚፈሰው 2.5 አምፔር ነው። ቦቢና የሚያጠራቅመው ጉልበት በአምፔሩ ስኩዌር ስለሚሄድ የቀረው ጉልበት 40 በመቶ አይሞላም። ሞተሪኖው ሲያዞር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ያኔ የሸክላው ሬዚስተር ስለሚታለፍ የሚጠፋው ድርሻ ይበልጥ ያመዝናል። ብጫው እሳት ምን እንደሆነ ገባኝ።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈትኩ። ፑንቲናው ፊቱ ተቦርቡሯል፣ አንዱ በኩል ጉብ፣ ሌላው በኩል ጉድጓድ። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሱማሌ ተራ ሄድኩ። የዲኤክስ ዕቃ ፍለጋ የሚያደክም አይደለም። ፑንቲናና ፑንቲናው ሲከፈት እንዳይቃጠል የሚከላከለውን ኮንዴንሰር ገዛሁ። ኮንዴንሰሩን በአሮጌው መርፌ ያለው ቴስተሬ እዚያው ባለ ሱቁ ፊት ፈተሽኩት፤ መርፌው ብድግ ብሎ ወረደ፣ ጤነኛ ነው። አዲስ ሆኖ የሞተ ኮንዴንሰር ገጥሞኝ ስለሚያውቅ ሳልፈትሽ አልገዛም።

ቤት ገብቼ ፑንቲናውን ቀየርኩ። ክፍተቱን 0.45 ሚሊሜትር አደረግኩ። የሚገፋው ካም ላይ የእህል ቅንጣት የምታህል ግሪስ አስነካሁ፤ ካልተቀባ ተረከዙ ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱም ይጠባል።

ቁልፍ ከፍቼ ለካሁ። 4.7።

ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አየሁት። አዲስ ፑንቲና፣ ፊቱ የሚያበራ፣ ያው ቁጥር። እሳቱን በጨለማ አየን፤ ያው ብጫ ነው።

ያልሠራሁት ነገር ታወቀኝ። 4.8 ቮልት እንደሚጠፋ ለካሁ፣ የት እንደሚጠፋ ግን አልለካሁም። ቤት ውስጥ አምፖል ሲደክምብኝ ግድግዳ አልቀይርም። ከቆጣሪው ጀምሬ በየሳጥኑ እየለካሁ ነው የምሄደው። እዚህ ግን የተቦረቦረ ፑንቲና ስላየሁ ዓይኔን አመንኩ፣ ቴስተሬን ተውኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ አልነካኋትም። ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ እሱም ታክሲ ውስጥ ነው።

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን ሚኒባስ ይዤ ከሹፌሩ ጎን ነበርኩ። ዳገቱን ረግጦ ወጣ። አናቱ ላይ እግሩን ቀለል አደረገ። ያኔ የዓርብ ማታዋ መኪናዬ ትዝ አለችኝ። ችግሩ የቤንዚን ቢሆን ዳገቱ ላይ ነበር የምትቆራርጠው፣ ብዙ ቤንዚን የምትፈልገው እዚያ ነውና። እሷ ግን ዳገቱን በደህና ወጥታ ሜዳው ላይ፣ እግሬ ሲቀል ነው የቆረጠችው።

እግር ሲቀል ምን ይለወጣል? የካርቡራተሩ በር ይጠባል፣ ሞተሩ አየር የሚመጥበት ኃይል ይበረታል። ያ መምጠጥ በቀጭን ጎሚኒ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ይሄዳል። እዚያ ያለው ሽፋን ይሳባል፣ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ትንሽ ይዞራል፣ እሳቱ ቀደም ይላል። ስትረግጥ ሳህኑ ይመለሳል። እንግዲህ ሳህኑ ሲዞር የሚጎዳ ነገር አለ። ከሳህኑ ጋር የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ደግሞ አንድ ነው፤ ከውጭው ተርሚናል እስከ ፑንቲናው ያለችው አጭር ሽቦ።

ይህን ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። «ስረግጣት ትስተካከላለች፣ ሳቀልላት ትቆራርጣለች።» አምስት ቀን ሙሉ አልፌው ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፤ ጠዋት

ፑንቲናው እንደገጠመ ቁልፍ ከፈትኩና መንገዱን ቁራጭ በቁራጭ ለካሁ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍና ጫፍ ላይ ማድረግ ነው። ልጄ ጻፈች።

ከቦቢናው ኔጌቲቭ እስከ ዲስትሪቢዩተሩ ውጭ ተርሚናል፦ 0.03።
ከተርሚናሉ እስከ ፑንቲናው ክንድ፦ 4.6።
ፑንቲናው ራሱ፣ ከፊት ለፊት፦ 0.08።
ከሳህኑ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ 0.04።

ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። «አባዬ፣ ይቺ ናት» አለች።

ጣቴን ሽቦዋ ላይ አደረግኩ። ሞቃለች። ወደ ስድስት ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ሙቀቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ከተርሚናሉ ወጣ እንዳለች በምትታጠፍበት። 4.6 ቮልትና 2.6 አምፔር ሲባዛ 12 ዋት ነው፣ በአንዲት ነጥብ ላይ። ትንሽ አምፖል እንደማለት። ቶሎ ቁልፉን ዘጋሁ፤ ፑንቲና ገጥሞ ቁልፍ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ራሱ ይቃጠላል።

ሽቦዋን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግኳት። ለዓይን ምንም የላትም። ሽፋኗ አልተላጠም፣ ሁለቱም ጫፎቿ በደንብ ተይዘዋል። በመታጠፊያዋ ላይ ብቻ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ሲነካም ደርቋል። ከቴስተሩ ጋር አገናኝቼ ቀስ ብዬ አጠፍኳት። 2 ኦም። ትንሽ ስጨምር ጭራሽ ተቆረጠች። ስመልሳት እንደገና 2 ኦም። ይቺ ናት የዓርብ ማታዋ ሜዳ።

በምላጭ ሽፋኗን ሰነጠቅኩት። ከውስጧ እንደ ሕፃን ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ናቸው የሚታዩት። አብዛኞቹ ጠቁረው ተበጥሰዋል፣ ጫፋቸው በሙቀት ተንከባሏል። የገጠሙት ሦስት ወይም አራት ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ፣ እግር በተነሳና በተረገጠ ቁጥር፣ ሳህኑ እየዞረ አጥፏታል። ዓርብ ማታ የቀሩት ክሮች ብቻ ነበሩ ቤት ያደረሱኝ።

ምትኩን ማሰብ ነበረብኝ። ቤቴ ሽቦ ሞልቷል። የግድግዳው 1.5 ካሬ ግን አንድ ወፍራም መዳብ ነው፣ ለመታጠፍ አልተሠራም፤ እዚያ ቦታ ብዙ አይቆይም። የሚፈለገው በጣም ቀጫጭን ብዙ ክር ያለው ነው። የአንድ አሮጌ ቴስተር ቀዩ ገመድ ትዝ አለኝ። የሲሊኮን ነው፣ ክሩ ብዙ፣ እንደ ክር ይለሰልሳል። የገመዱ መንኪያ ጫፍ ተሰብሮ የተቀመጠ ስለነበር ሰባት ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩለት።

ጫፎቹን በሊድ አልበየድኩም። ሊድ በክሮቹ ውስጥ ተስቦ ይገባና ያደርቃቸዋል፣ ከዚያ ድርቀቱ ያበቃበት ቦታ ላይ ይበጠሳሉ። የሽቦ ጫማ (የብረት ጫፍ) አድርጌ በፒንሳ አጥብቄ ነክሼ ያዝኩት። ሳህኑ ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጌ፣ የሚዞረውን ካም እንዳይነካ በጎን በኩል አሳለፍኩት። ከዚያ የመምጠጫውን ጎሚኒ ከካርቡራተሩ በኩል ነቅዬ በአፌ ሳብኩ። ሳህኑ ዞረ። ቀዩ ሽቦ አብሮ ተከተለ፣ ሳይወጠር። ለቀቅኩ፣ ተመለሰ። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረግኩ።

ቁልፍ ከፍቼ የቦቢናውን ኔጌቲቭ ለካሁ። 0.15።

ከሰዓት በኋላ

ፑንቲና ከተቀየረ እሳቱ የሚመጣበት ሰዓትም ይስተካከላል። ፑሌጃውን ምልክቱ 8 ዲግሪ ላይ እስኪገጥም አዞርኩ። ባለ 12 ቮልቷን አምፖሌን በቦቢናው ኔጌቲቭና በአካል መሐል አሰርኩ። ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ አምፖሏ ቦግ ያለችበት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተበት ነው። እዚያው ላይ አጠበቅኩ። ካንዴላዎቹን አጽድቼ ክፍተታቸውን 0.8 አድርጌ መለስኩ።

ጋሼ ወንበር አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ መሪው ጋ ገባች።

«ስጪው» አልኳት።

ሞተሪኖው ሁለት ዙር አዞረ። አንድ ጊዜ በጭስ ማውጫው ትፍ አለች፣ ጥቁር ጭስ ወጣ። ከዚያ ያዘች። መጀመሪያ በሦስት፣ ቀጥሎ በአራቱም። ልጄ እጇን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ረስታ ትስቃለች። ሱሉልታ ጠዋትና ማታ ከሯጮች አይለይም፤ በራፋችን ያልፉ የነበሩ ሦስት ወጣቶች ቆም ብለው አጨበጨቡልን። ባለፈው ቅዳሜ ከእነሱ ሁለቱ ገፍተው ሊያስነሱልኝ ሞክረው ነበር።

ጋሼ መጥተው አሮጌዋን ሽቦ እጃቸው ላይ እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋት። «ይቺን እኔም በዓይኔ አላገኛትም ነበር» አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ይዤ እስከ አዲሱ ገበያ ወርጄ ተመለስኩ። ዳገቱን ረግጬ ወጣሁት። አናቱን አልፌ ሜዳው ላይ እግሬን ቀለል አደረግኩ። አልቆረጠችም። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ደጋግሜ አቀለልኩ። ልጄ ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ ታዳምጣለች። ጸጥ ብላ ትሄዳለች።

ቤት ስገባ የድሮውን ፑንቲና በቀጭን ድንጋይ አስተካክዬ፣ በዘይት ወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያው ውስጥ አኖርኩት። ፊቱ ተቦርቡሮም 0.1 አካባቢ ብቻ ነበር የሚጥለው፣ ኋላ ላይ ለካሁት። መንገድ ላይ መጠባበቂያ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሳምንቱን ሙሉ ለገጣፎ ተመላልሻለሁ። በየጠዋቱ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ተነስታለች፣ ውርጭ ባለበት ቀን ሳይቀር። ዛሬ ክዳኑን ከፍቼ ቀዩን ሽቦ አየሁት፤ ቦታው ላይ ነው፣ ቀለሙ አልተለወጠም፣ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። ንባቡ 0.14።

ካንዴላዎቹ አሁንም ጠቆር ይላሉ። ያ የካርቡራተሩ ነገር ነው፤ ለዚህ ከፍታ አነስ ያለ ጄት (የቤንዚን መግቢያ ቀዳዳ) ያስፈልጋታል። የፊታችን ቅዳሜ እሱን እከፍታለሁ።